ሙስሊም ጎረቤት በሌለበት የሚበረታ ጭፍን ጥላቻ

ኦቼኝ በደቡባዊ ሀንጋሪ የምትገኝ፣ ነዋሪዎቿ ከ3 ሺህ የማይበልጡ የገጠር መንደር ናት። በ2017 መስከረም ወር በመንደሯ የሚገኝ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት፣ በሀንጋሪ በሕጋዊ መንገድ ጥገኝነት ያገኙ ጥቂት ስደተኛ ሕጻናት ከእናቶቻቸው ጋር በማረፊያው ለቀናት ያለክፍያ እንዲዝናኑ ከአንድ የረድኤት ድርጅት ጋር ተስማማ። ወሬው በተሰማ ጊዜ መንደርተኛው ለስብሰባ ወጣ። በስብሰባው ላይ ጩኸትና ዛቻ ተሰማ፤ የማረፊያው ባለቤት የመኪና ጎማ በስለት ተቀደደ፤ ሕጻናቱ ቢመጡ ክፋት የለውም ያሉት የመንደሩ ከንቲባም ከኃላፊነታቸው ለቀቁ። ሕጻናቱ ኦቼኝን ሳያዩ ቀሩ። የወቅቱ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ቪክቶር ኦርባን ስለሁኔታው ተጠይቀው፣ በመንደርተኛው አቋም የሚነቀፍ ነገር እንዳላዩ ተናገሩ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሀንጋሪ በ2011 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ሃይማኖታቸው እስልምና መሆኑን ያስመዘገቡት ነዋሪዎች ከ6 ሺህ በታች ነበሩ። የአገሪቱ ሕዝብ 10 ሚሊዮን ገደማ በመሆኑ ቁጥሩ ከአንድ ሺህ ሰው አንድ እንኳ አይደርስም። አንድ የሀንጋሪ ገበሬ ዕድሜውን ሙሉ ከሙስሊም ጋር በአንድ ማዕድ ሳይቀርብ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይለዋወጥ ሊያልፍ ይችላል። ታዲያ ለጥቂት ሕጻናት የቀናት ቆይታ መንደር የሚያስነሳው ፍርሃት ከወዴት መጣ? ጥያቄው የኦቼኝ ብቻ አይደለም። የሕዝብን አስተያየት የሚያጠኑ ተቋማትንም ሲያነጋግር የቆየ ጉዳይ ነው።

መቀመጫውን በዋሽንግተን ያደረገው ፒው የምርምር ማዕከል በ2016 በአሥር የአውሮፓ አገሮች ባካሄደው ጥናት፣ በአገራቸው ለሚኖሩ ሙስሊሞች መልካም ያልሆነ አመለካከት እንዳላቸው የገለጹት ሰዎች በሀንጋሪ 72 በመቶ፣ በፖላንድ ደግሞ 66 በመቶ ነበሩ። ይኸው ቁጥር በፈረንሳይና በጀርመን 29 በመቶ፣ በብሪታንያ 28 በመቶ ነበር። ማዕከሉ ራሱ ባወጣው ግምት መሠረት በዚያ ዓመት ሙስሊሞች ከፈረንሳይ ሕዝብ ወደ 9 በመቶ የሚጠጉ ሲሆን፣ በጀርመንና በብሪታንያ ከ6 በመቶ በላይ ነበሩ። በፖላንድ ግን ከአንድ ሺህ ሰው አንድ አይሞሉም ነበር። ስሌቱ ለሁሉም አገር በእኩል ይሠራል ለማለት አያስደፍርም። ለምሳሌ ጣሊያን በርካታ ሙስሊሞች የሚኖሩባት አገር ብትሆንም፣ በዚያው ጥናት መጥፎ አመለካከት ያላቸው ሰዎች ቁጥር 69 በመቶ ሆኖ ተመዝግቧል። ያም ሆኖ የአዝማሚያው አቅጣጫ ግልጽ ነው።

ማዕከሉ በ2018 ይፋ ያደረገው ሌላ ጥናት ጥያቄውን ወደ ቤት ውስጥ አስገብቶታል። ሙስሊም የቤተሰብዎ አባል ቢሆን ይቀበላሉ ወይ ተብለው ከተጠየቁት መካከል በኔዘርላንድስ 88 በመቶ፣ በዴንማርክ 81 በመቶ እንቀበላለን ሲሉ፣ በፖላንድ 33፣ በሀንጋሪ 21፣ በቼክ ሪፐብሊክ ደግሞ 12 በመቶ ብቻ ፈቃደኛ ሆነዋል። የቼክ ዜጋ ሙስሊም አማች ወይም ምራት የማግኘት ዕድሉ እጅግ ጠባብ መሆኑን ላስተዋለ ሰው፣ መልሱ አንድን የታወቀ ሰው ሳይሆን በሐሳብ የተሣለ ምስልን የሚመለከት መሆኑ አያጠያይቅም።

ምስሉ ከእውነታው ምን ያህል እንደሚገዝፍ ኢፕሶስ የተባለው የጥናት ድርጅት በ2016 ለመለካት ሞክሮ ነበር። ከአገራችሁ ሕዝብ መቶ ሰው ብንወስድ ስንቱ ሙስሊም ይመስላችኋል የሚል ጥያቄ ቀረበ። ሀንጋሪዎች በአማካይ 6፣ ፖላንዶች 7 ብለው ገመቱ። እውነተኛው ቁጥር ግን አንድ እንኳ የማይሞላ ነው። በእርግጥ ፈረንሳዮችም ስተዋል፤ ግምታቸው 31 ነበር። ነገር ግን ፈረንሳዊው ያጋነነው በዓይኑ የሚያየውን ነው። ሀንጋሪያዊው ያበዛው ያላየውን ነው።

የአገሮች ንጽጽር ብዙ ነገሮችን ይቀላቅላል፤ የኢኮኖሚ ደረጃ፣ የታሪክ ጉዞ፣ የመገናኛ ብዙኃን ነጻነት ሁሉ ይለያያሉና። ስለዚህ በአንድ አገር ውስጥ ያሉ አካባቢዎችን ማወዳደር የተሻለ ብርሃን ይሰጣል። ስዊዘርላንድ ኅዳር 29 ቀን 2009 የመስጊድ ሚናሬት እንዳይሠራ በሕገ መንግሥቷ ለመከልከል ሕዝበ ውሳኔ ስታካሂድ በመላ አገሪቱ የነበሩት ሚናሬቶች አራት ብቻ ነበሩ። ክልከላው 57 ነጥብ 5 በመቶ ድምፅ አግኝቶ ጸደቀ። ሙስሊሞች በብዛት ከሚኖሩባቸው የከተማ አካባቢዎች መካከል ጄኔቫና ባዝል ከተማ ሐሳቡን ውድቅ አድርገውታል። ከፍተኛው የድጋፍ ድምፅ የተሰጠው ደግሞ አፔንዜል ኢነርሮደን በተባለች፣ ሚናሬት በሌላት ተራራማ ትንሽ ካንቶን ሲሆን፣ ከመቶ መራጮች ከ70 በላይ የሚሆኑት ክልከላውን ደግፈዋል።

በጀርመንም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። አውሮፓ እየሰለመች ነው በሚል ስጋት የተጀመረውና ፔጊዳ የተሰኘው የጎዳና ላይ ሰልፍ በ2014 ጥቅምት የተወለደው ሙስሊሞች በብዛት በሚኖሩባቸው በርሊን ወይም ኮሎኝ አልነበረም። የተወለደው የሙስሊሞች ቁጥር ከመቶ አንድ በማይሞላበት በሳክሶኒ ክፍለ አገር፣ በድሬስደን ከተማ ነው። በ2015 ጥር አጋማሽ ፖሊስ የሰልፈኞቹን ቁጥር 25 ሺህ ያህል ብሎ ገምቶ ነበር።

በሰልፍና በድምፅ ብቻ የሚወሰን ቢሆን ኖሮ ነገሩን እንደ ፖለቲካ አስተያየት ልዩነት ማለፍ ይቻል ነበር። ሆኖም በዚያችው ድሬስደን፣ ከሰልፉ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ማርዋ አልሸርቢኒ የተባለች የ31 ዓመት ግብፃዊት የመድኃኒት ባለሙያ ሕይወቷን አጥታለች። በሕጻናት መጫወቻ ስፍራ ለልጇ ዥዋዥዌ እንዲለቀቅላት የጠየቀችውን ሰው፣ ሂጃብ በመልበሷ ምክንያት አሸባሪ እያለ ስለሰደባት በሕግ ጠየቀችው። ሐምሌ 1 ቀን 2009 በከተማዋ ፍርድ ቤት ቀርባ የምስክርነት ቃሏን እንደሰጠች፣ ተከሳሹ በቦርሳው ደብቆ ባስገባው ቢላዋ በችሎቱ ውስጥ ደጋግሞ ወግቶ ገደላት። የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። የሦስት ዓመት ልጇ በችሎቱ ነበር። ሊያድናት የተሯሯጠው ባለቤቷ በቢላዋ መወጋቱ ሳያንስ፣ በስፍራው የደረሰ ፖሊስ ወንጀለኛው እርሱ መስሎት እግሩን በጥይት መታው። ገዳዩ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበታል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጎርደን ኦልፖርት በ1954 ባሳተሙት የጭፍን ጥላቻን ባሕርይ የሚመረምር መጽሐፍ፣ የሰው ልጅ በማያውቀው ወገን ላይ የሚይዘው ክፉ ግምት በትውውቅ ሊለዝብ እንደሚችል፣ ነገር ግን ማንኛውም ትውውቅ በቂ እንዳልሆነ አመልክተዋል። በእርሳቸው አስተሳሰብ መሠረት ሁለቱ ወገኖች በእኩል ደረጃ መገናኘት፣ የጋራ ግብ መያዝ፣ ለዚያ ግብ በኅብረት መሥራትና ይህንንም ሕግ ወይም ባለሥልጣን ሊደግፈው ይገባል። ለአገራችን አንባቢ ይህን በቀላሉ ለማስረዳት የሰፈር ዕድርን መጥቀስ ይቻላል። በዕድር ውስጥ መዋጮው እኩል ነው፤ ኀዘኑ የጋራ ነው፤ ድንኳን ተካዩ ክርስቲያንም ሙስሊምም ሊሆን ይችላል፤ መተዳደሪያ ደንቡም ለሁሉም አንድ ነው። የምሁሩ አራት ሁኔታዎች እንዲህ ባለ ስፍራ ይሟላሉ። ቶማስ ፔቲግሩና ሊንዳ ትሮፕ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 ከ500 በላይ ጥናቶችን በአንድ ላይ መርምረው፣ መቀራረብ በአብዛኛው ጥላቻን ከመቀነስ ጋር ተያይዞ እንደሚገኝ አረጋግጠዋል።

መቀራረቡ በሌለበት ግን አእምሮ ባዶ ሆኖ አይቀመጥም። የሰፈሩን ሙስሊም የማያውቅ ሰው የሚያውቀው በቴሌቪዥን የሚያየውን ሙስሊም ነው። በቴሌቪዥን የሚታየው ደግሞ በአብዛኛው ዜና የሆነው ነው። ባለሱቁ ሱቁን ከፍቶ፣ ሐኪሟ ሕመምተኛ መርምራ ወደ ቤታቸው መግባታቸው ዜና አይሆንም። በ2015 ኅዳር በፓሪስ 130 ሰዎች፣ በ2016 መጋቢት በብራሰልስ 32 ሰዎች በአሸባሪዎች ሲገደሉ ዓለም በሙሉ አይቷል። ፍርሃቱ እንዲያው ከባዶ የተፈጠረ ነው ብሎ መከራከር የሟቾቹን ቤተሰቦች መናቅ ይሆናል። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፤ የፓሪሱ ነዋሪ ከጥቃቱ በኋላ በማግስቱ ዳቦ ሲገዛ የሚያገኘው ሙስሊም ጎረቤቱ እንደ እርሱ የደነገጠ መሆኑን በዓይኑ ያያል። የሀንጋሪው ገበሬ ይህን የሚያይበት አጋጣሚ የለውም።

በዚህ ባዶ ስፍራ ላይ ፖለቲካ ይገባል። በ2015 በጋ በአብዛኛው ከሶሪያ፣ ከአፍጋኒስታንና ከኢራቅ የመጡ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሀንጋሪን አቋርጠው ወደ ጀርመን አመሩ። በቡዳፔስት ኬለቲ የባቡር ጣቢያ ሰው በሰው ላይ ተኝቶ ሰነበተ። የሀንጋሪ መንግሥት በመስከረም ወር ከሰርቢያ ጋር በሚዋሰንበት ድንበር የ175 ኪሎ ሜትር አጥር ሠርቶ ጨረሰ። እስከዚህ ድረስ ያለው ድንበርን የመቆጣጠር ጉዳይ ነው ሊባል ይችላል። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ሌላ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ጥገኝነት ጠያቂዎችን ለአባል አገሮች ለማከፋፈል ሲወስን ለሀንጋሪ የደረሳት ቁጥር 1 ሺህ 294 ሰው ነበር። አሥር ሚሊዮን ሕዝብ ላላት አገር ይህ በአንድ ጠባብ ስታዲየም ጥግ የሚሰበሰብ ሰው ነው። መንግሥት ግን በየመንገዱ በተሰቀሉ ትልልቅ ሰሌዳዎች ስደተኛን ከፓሪሱ ግድያ ጋር እያያዘ ከቀሰቀሰ በኋላ ጥቅምት 2 ቀን 2016 ሕዝበ ውሳኔ ጠራ። ድምፅ ከሰጡት 98 በመቶ የሚሆኑት ክፍፍሉን ተቃወሙ። ሆኖም ከመራጩ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሳይወጣ በመቅረቱ ውጤቱ በሕግ ተፈጻሚ ሊሆን አልቻለም። የኦቼኝ ስብሰባ የተደረገው ከዚህ ቅስቀሳ አንድ ዓመት በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል።

በጎረቤት ቼክ ሪፐብሊክ የነበረው ሁኔታ አንዳንዴ ከአሳዛኝነቱ ይልቅ አስቂኝ ጎኑ ያመዝን ነበር። በ2016 ነሐሴ አንድ ፀረ እስልምና ቡድን በፕራግ አሮጌው ከተማ አደባባይ፣ ራሱን እስላማዊ መንግሥት እያለ የሚጠራው አሸባሪ ቡድን ከተማዋን ሲይዝ የሚያሳይ ትርኢት አዘጋጀ። ለማስፈራሪያ የሚሆን ሰው በመጥፋቱ ቼኮቹ ራሳቸው የሐሰት ጢም ለጥፈው፣ ዐረባዊ ልብስ ለብሰውና የሐሰት ጠመንጃ ይዘው፣ ግመል ጭምር አስከትለው አደባባዩን ወረሩት። ትርኢቱ ከከተማው ፈቃድ የነበረው ቢሆንም ጎብኚዎች እውነት መስሏቸው ሲሸሹ ወንበርና ጠረጴዛ ተገለበጠ፤ ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎችም ነበሩ። ፖሊስ ትርኢቱን አቋረጠው። በዚያን ቀን በፕራግ ሕዝብ ያሸበሩት ሙስሊሞች አልነበሩም።

የእነዚህ አገሮች ፖለቲከኞች ለአቋማቸው ታሪክን ምስክር አድርገው ይጠራሉ። ቡዳ ከ1541 እስከ 1686 በኦቶማን ቱርኮች እጅ ነበረች፤ በ1683 በቪየና በር የኦቶማንን ጦር የመለሱት የፖላንዱ ንጉሥ ያን ሶቢየስኪም እስከዛሬ የአገር ኩራት ናቸው። ይህ እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ሀንጋሪ በ1916 እስልምናን በሕግ የታወቀ ሃይማኖት አድርጋ ተቀብላ ነበር። በቡዳፔስት ኮረብታ ላይ የሚገኘው የቱርኩ ደርቪሽ የጉል ባባ መቃብር ታድሶ በ2018 ጥቅምት ሲመረቅ፣ ከቱርኩ ፕሬዝዳንት ጎን ቆመው ሪባን የቆረጡት እነዚያው ኦርባን ናቸው። የቱርክ ፕሬዝዳንት እንግዳ ሲሆኑ ሃይማኖታቸው አላስፈራም።

የፖላንድ ታሪክ ከዚህም ይበልጥ የተወሳሰበ ነው። ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በፖላንድና ሊቱዌኒያ ምድር የሰፈሩ ታታሮች ሙስሊሞች ናቸው። ንጉሥ ሶቢየስኪ ራሳቸው በ1679 በጦርነት ላገለገሏቸው ታታሮች በምሥራቅ ፖላንድ ክሩሺኒያኒንና ቦሆኒኪን ጨምሮ መሬት ሰጡ። በሁለቱ መንደሮች ከእንጨት የተሠሩ ጥንታዊ መስጊዶች አሁንም ቆመዋል። በ1939 ናዚ ጀርመን ፖላንድን በወረረች ጊዜ በፖላንድ ጦር ውስጥ የታታር ፈረሰኛ ጓድ ነበር። ይህ ሁሉ አገልግሎት እያለ በ2014 ሰኔ ወር ያልታወቁ ሰዎች በክሩሺኒያኒ መስጊድ ግድግዳ ላይ የአሳማ ሥዕል ሥለው፣ መቃብሮችንም አበላሽተው ሄዱ። ስድስት ምዕተ ዓመታት አብሮ የኖረ ጎረቤት፣ ቁጥሩ ጥቂት ከመሆኑ የተነሣ በሌላው ፖላንዳዊ ዘንድ እንዳልነበረ ይቆጠራል።

በዚህ መንገድ የተቆነጸለ ታሪክ ሩቅ ይጓዛል። መጋቢት 15 ቀን 2019 በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ከተማ በሁለት መስጊዶች ለጁምዓ ሶላት በተሰበሰቡ ምእመናን ላይ ተኩስ የከፈተው አውስትራሊያዊ፣ በጦር መሣሪያዎቹ ላይ በአውሮፓ ከኦቶማኖች ጋር የተደረጉ ውጊያዎችን ስም ጽፎ ነበር፤ የ1683ቱ የቪየና ውጊያ አንዱ ነው። 51 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ በዕድሜ ትንሹ ከሶማሊያ ቤተሰብ የተወለደ የሦስት ዓመት ሕጻን ነው። በ2018 ቆጠራ መሠረት በኒውዚላንድ የሚኖሩ ሙስሊሞች ከሕዝቡ ወደ አንድ በመቶ ብቻ ነበሩ።

ጥላቻው ሁልጊዜ ጥይት አይተኩስም። አንዳንዴ የሕግ አንቀጽ ሆኖ ይመጣል። ስሎቫኪያ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ በይፋ የታወቀ መስጊድ የሌላት ብቸኛ አገር እየተባለች ስትጠቀስ ቆይታለች። በ2015 ነሐሴ የአገሪቱ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ከሶሪያውያን ስደተኞች መካከል ክርስቲያኖችን ብቻ እንደሚቀበል ሲያስታውቅ ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ በአገሪቱ መስጊድ ስለሌለ ሙስሊሞች አይመቻቸውም የሚል ነበር። በታኅሣሥ ወር 149 ኢራቃውያን ክርስቲያኖች በአውሮፕላን መጡ፤ ከመካከላቸው የተወሰኑት ኑሮውን ስላልለመዱት በወራት ውስጥ ወደ ኢራቅ ተመለሱ። እንግዳ አገር ለመልመድ ሃይማኖት መመሳሰሉ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚያስፈልግ አይመስልም። በ2016 ደግሞ ፓርላማው አንድ ሃይማኖት በመንግሥት ለመመዝገብ የሚያስፈልገውን የአባላት ቁጥር ከ20 ሺህ ወደ 50 ሺህ የሚያሳድግ ሕግ አወጣ። ፕሬዝዳንት አንድሬይ ኪስካ ሕጉን ባለመፈረም መልሰውት ነበር፤ ምክር ቤቱ በ2017 ጥር በድጋሚ ድምፅ አጸደቀው። በወቅቱ የአገሪቱ ሙስሊሞች ጥቂት ሺህ ብቻ ነበሩ። ለእነርሱ 20 ሺህም ቢሆን የማይደረስበት ቁጥር ስለነበረ፣ ሕጉ በተዘጋ በር ላይ ሁለተኛ ቁልፍ የመጨመር ያህል ነበር።

የኅብረቱ ፍርድ ቤት ሚያዝያ 2 ቀን 2020 በሰጠው ውሳኔ ፖላንድ፣ ሀንጋሪና ቼክ ሪፐብሊክ ስደተኞችን የመቀበል ግዴታቸውን አለመወጣታቸውን አረጋግጧል። ፖላንድና ሀንጋሪ ከክፍፍሉ አንድም ሰው አልወሰዱም። ቼክ ሪፐብሊክ 12 ሰው ወስዳለች።

ነገሩ የአውሮፓና የክርስቲያኑ ዓለም ብቻ እንዳይመስል ወደ ደቡብ ኮሪያ መሻገር ያስፈልጋል። ኮሪያውያን እስልምናን በቅርብ ያወቁት በኮሪያ ጦርነት ሊረዷቸው በመጡ የቱርክ ወታደሮች አማካይነት ነው። የእኛው ቃኘው ሻለቃም በዚያው ጦርነት፣ በዚያው የተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ሥር ተሰልፎ እንደነበር ይታወቃል። ከቱርክ ጦር ጋር የመጡ ኢማሞች ማስተማር ጀመሩ፤ በ1976 የሴኡል ማዕከላዊ መስጊድ ተመረቀ። ዛሬ በአገሪቱ ያሉት ሙስሊሞች፣ አብዛኞቹ የውጭ አገር ሠራተኞችና ተማሪዎች ሲሆኑ፣ ከሕዝቡ ከአንድ በመቶ እጅግ ያነሱ ናቸው።

በ2018 የመጀመሪያ ወራት ጦርነት የሸሹ 500 ያህል የመናውያን ቪዛ ወደማይጠየቅባት ጄጁ ደሴት ደረሱ። ወዲያው ጥገኝነት እንዳይሰጣቸው የሚጠይቅ አቤቱታ ከ700 ሺህ በላይ ፊርማ አሰባሰበ። ለአንድ የመናዊ ከ1 ሺህ በላይ ፊርማ መሆኑ ነው። ጉዳያቸው ከታየው 484 አመልካቾች መካከል የስደተኝነት ዕውቅና ያገኙት ሁለት ሰዎች ብቻ ሲሆኑ፣ 412 የሚሆኑት ለጊዜው በሰብዓዊነት እንዲቆዩ ተፈቀደላቸው። በዴጉ ከተማ ደግሞ በክዩንግፑክ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ሙስሊሞች ለዓመታት ሲሰግዱበት የቆየውን ቤት አፍርሰው በሕጋዊ ፈቃድ ትንሽ መስጊድ መሥራት ሲጀምሩ፣ በነዋሪዎች ተቃውሞ ምክንያት የወረዳው አስተዳደር በ2021 የካቲት ሥራውን አስቆመ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2022 መስከረም ለተማሪዎቹ ፈረደ። ከፍርዱ በኋላ በግንባታው ደጃፍ የአሳማ ጭንቅላት ተደርድሮ ተገኘ፤ በታኅሣሥ ወርም ተቃዋሚዎቹ በስፍራው የአሳማ ሥጋ ጥብስ ድግስ አዘጋጁ። እነዚያ ተማሪዎች በቤተ ሙከራ የኮሪያን ሳይንስ የሚያግዙ የዶክትሬት ዕጩዎች ጭምር ነበሩ። ፍርድ ቤት መብትን ያስከብራል፤ ጉርብትናን ግን በፍርድ ማስፈጸም አይቻልም።

የዴጉ ነዋሪዎችና ተማሪዎቹ ለዓመታት በአንድ መንገድ ሲያልፉ ኖረዋል፤ ይህም ጥላቻውን አላስቀረም። ቴፕሊትሴ በተባለችው የቼክ የፍል ውሃ ከተማም በየበጋው በርካታ ዐረብ ታካሚዎችና ቤተሰቦቻቸው ይመጣሉ፤ ገንዘብ ያወጣሉ፤ ይመለሳሉ። ከተማው ገቢውን ቢወድም ቅሬታው አልቀረም። ኦልፖርት ትውውቅ ሁሉ አይበቃም ያሉት ይህንኑ ነው። መተያየት ሌላ፣ አብሮ መሥራት ሌላ ነው።

በሌላ በኩል፣ ብዙዎቻችን የምናውቀው አንድ ሰው ያልተጠበቀ ውጤት አምጥቷል። ግብፃዊው መሐመድ ሳላህ በ2017 ሊቨርፑልን ከተቀላቀለ በኋላ ያለውን ጊዜ ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ ክለቡ በሚገኝበት የመርሲሳይድ አካባቢ የጥላቻ ወንጀል ከሚጠበቀው በ16 በመቶ ገደማ ዝቅ ማለቱን፣ የክለቡ ደጋፊዎች በማኅበራዊ መገናኛ የሚጽፉት ፀረ ሙስሊም መልእክትም ከሌሎች ትልልቅ ክለቦች ደጋፊዎች ጋር ሲነጻጸር በግማሽ መቀነሱን በ2021 አሳትመዋል። ሳላህ ጎል ካስቆጠረ በኋላ በሜዳው ላይ ሱጁድ ሲወርድ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ያያል። ፍርሃት በቴሌቪዥን መስኮት የሚገባውን ያህል ፍቅርም በዚያው መስኮት ሊገባ ይችላል ማለት ነው። ይሁን እንጂ የተማሪ ቤት የዕቃ ማጓጓዣ ሹፌር ወይም የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ የሆነ ሙስሊም ክብር ለማግኘት ጎል ማስቆጠር ይኖርበታል ወይ የሚለው ጥያቄ አለ።

በ2022 የካቲት ሩሲያ በዩክሬን ላይ ጦርነት ስትከፍት ፖላንድ ድንበሯን ለሚሊዮኖች ከፈተች። ቤተሰቦች መኝታ ቤታቸውን ለቀቁ፤ ባቡሩ በነጻ ሆነ። ይህ ሊመሰገን የሚገባው ተግባር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጥቂት ሺህ ሰዎችን መቀበል ከአቅም በላይ ነው ይባል የነበረው ክርክር ግን አቅምን የሚመለከት እንዳልነበረ አብሮ አሳይቷል። በዚያው ዓመት ሰኔ፣ በቤላሩስ በኩል ከመካከለኛው ምሥራቅና ከአፍሪካ የሚመጡትን ለመከላከል ፖላንድ 186 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ 5 ሜትር ተኩል ቁመት ያለው የብረት አጥር አጠናቀቀች።

ከአጥሩ በፊት በነበረው መጸው፣ በ2021፣ በድንበሩ ጫካና ወንዝ ውስጥ ሰዎች በብርድና በውሃ ሲሞቱ አስከሬናቸውን የሚቀብር ወገን አልነበራቸውም። የተቀበሏቸው የቦሆኒኪ ታታሮች ናቸው። መንደርተኞቹ ድንበር ለሚጠብቁት የፖላንድ ወታደሮች ሾርባ ሠርተው ይልኩ ነበር፤ በጫካ ላሉት ስደተኞችም ልብስ ይሰበስቡ ነበር። በኅዳር ወር በወንዝ ሰጥሞ የሞተን የ19 ዓመት ሶሪያዊ በአያቶቻቸው መቃብር አጠገብ ጉድጓድ ቆፍረው፣ በሥርዓቱ ሶላተል ጀናዛ ሰግደው ቀበሩት። በአካባቢው የሚኖር አንድ ሶሪያዊ ሐኪም፣ ሊመጡ ያልቻሉት ቤተሰቦቹ ቀብሩን ከሩቅ እንዲያዩ በእጅ ስልኩ ያሳያቸው ነበር።